ወንድም ጋሼና የቢጫው ቆርቆሮ መድኃኒት

ወንድም ጋሼ እስከ የዛሬ አራት ዓመት ድረስ በዕድሜው ሙሉ ሦስት ሰው በቡጢ ዘርሮ ነበር፤ ሦስቱም ፊልም የሚያጥብበትን የጨለማ ክፍል በር ሳያንኳኩ የከፈቱ ናቸው። አንደኛው የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ ነው። ሁለተኛው የገዛ ሚስቱ ወንድም ነው፤ ሚስቱም በዚያው ወጥታ ቀረች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ እህቱ! ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ «ስልክ ይፈልጉሃል» ስለው አገጬ ላይ አሳረፈብኝ፤ የኮሪደሩ ግድግዳ ተቀበለኝ። በረዶ ይዞልኝ ሲመጣ «ጥርስሽ ደህና ነው?» ያለኝ እንዳይመስላችሁ። «የሰው ሠርግ ነው ያቃጠልሽው» ነው ያለኝ። እኔም በረዶውን መልሼ ግንባሩ ላይ ወረወርኩለት። እንዲህ ነን እኛ።

ያ እጅ ከአባታችን የመጣ ነው። አባታችን እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ማታ ማታ በሩ ሲጢጥ ሲል ሦስታችንም አልጋ ሥር ነን። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ማሙሽ ሦስት ዓመቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ሰበረ። አባታችን መጥረጊያውን በእንጨቱ በኩል አዞረው። ወንድም ጋሼ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ መሃል ገባ። ለማሙሽ ጭንቅላት የተሰነዘረው እንጨት የወንድም ጋሼን አፍንጫ ሰባበረው። አጥንቱ በጠማማው ገጠመ፣ ማሽተት ግን በዚያው ቀረ። በማግስቱ ማሙሽን አዝሎ፣ እኔን በእጁ ይዞ ከቤት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማሙሽ አባት ማለት እሱ ነው። ሌላው ሰው በመድኃኒት ሽታ ዓይኑ የሚያለቅስበት የጨለማ ክፍል ውስጥ እሱ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል።

ፎቶ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ከፊት እኔ ነኝ፤ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ አነሳለሁ፣ ኔጌቲቭ ላይ ያለውን ጭረት በቀጭን ብሩሽ እደፍናለሁ። ከኋላ እሱ ያጥባል፣ ያትማል። ስለ ፊልም የማያውቅ ካለ እንዲገባው ልናገር። ፊልሙ ካርቶኑ ላይ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል በትንሽ ብርሃን ይበቃኛል ማለቱ ነው። የኛ ፊልም አራት መቶ ነኝ ይላል። ወንድም ጋሼ ግን «ካርቶን ብዙ ያወራል፤ የፊልምን ፍጥነት የሚወስነው የሚታጠብበት መድኃኒት ነው» ባይ ነው። እሱ ራሱ ዱቄት እየመዘነ የሚበጠብጠው «ለስላሳው» የምንለው መድኃኒት ነበረው። ለስላሳው የሰውን ፊት ያለ አንዲት ነጥብ ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ግን በነፃ አይደለም፤ ደብዛዛውን ብርሃን ይበላል። ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ኮቱ ዝም ብሎ ጥቁር ይሆናል፤ ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው። ስለዚህ በኛ ቤት አራት መቶው ፊልም ሁለት መቶ ነው ተብሎ፣ እጥፍ ብርሃን ተሰጥቶት ነው የሚነሳው። ይህን ሕግ ያፈረሰ ወዮለት።

መደርደሪያው ላይ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ተቀምጧል፤ አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ትቶልን የሄደ ቢጫ ቆርቆሮ። እሱ በተቃራኒው ከጥላ ውስጥ ያለችውን ጭላንጭል ሁሉ አንቆ ያወጣል፤ አራት መቶውን ፊልም ስድስት መቶ ያደርገዋል። ፊትን ግን ያሻክራል። ወንድም ጋሼ «የጋዜጠኛ መርዝ» ይለዋል። እኔ የቡጢ ግጥሚያ ስለማነሳ፣ አዳራሹም ጨለማ ስለሆነ፣ «በቢጫው እጠብልኝ» እያልኩ አሥር ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቅን። «እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ነገር ፊልም ማጠቢያ ታንኬ ውስጥ አይገባም» ይለኛል። እልኸኛ! ግንባሩ ድንጋይ!

ማሙሽ አደገና ቡጢኛ ሆነ። ከዚያ ቤት ወጥቶ ሌላ ምን ይሆናል? የዛሬ አራት ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአሮጌው የጥጥ መጋዘን ውስጥ ግንዱ ከሚባል ባላጋራ ጋር ገጠመ። ወንድም ጋሼ ግጥሚያ ላይ አይመጣም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የመብራት ማቆሚያ ብረቴን ሊሸከምልኝ አብሮኝ መጣ። አዘጋጆቹ ተጨማሪ መብራት አይበራም ብለው ስለከለከሉን ብረቱን አጥፎ በእጁ እንደያዘ ቆመ።

መስኮቱ ሁሉ በእንጨት ተመትቷል። ብርሃን ያለው ከመድረኩ በላይ ብቻ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ማሙሽ የግንዱን ቅንድብ ከፈተው፤ ደሙ እስከ እኔ ድረስ ተረጨ፣ ሌንሴን በቀሚሴ ጠረግሁ። ግንዱ በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በፊቱ። አዳራሹ ጮኸ። ያኔ የግንዱ አሰልጣኝ፣ አንገቱ የማይታይ ነጭ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ፣ ገመዱን ዘሎ ገባና የማረፊያውን ዱካ በማሙሽ ጀርባ ላይ ሰበረው። ተከታዮቹም ገቡ። ወንበር በወንበር ላይ በረረ፣ አንድ አምፖል ፈነዳ፣ ማሙሽን ከመድረኩ ስበው የውሃ ባልዲዎቹ ወዳሉበት ጥግ ጣሉት። እዚያ ጥግ ብርሃን የለም። የብርሃን መለኪያዬን ባዞርበት መርፌው ንቅንቅ አላለም። አንዱ በክርኑ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ሰው በሰው ላይ ሲሆንብኝ ካሜራውን ከጭንቅላቴ በላይ አንሥቼ፣ ምንም ሳላይ፣ ወደ ጥጉ አራት ጊዜ ተኮስኩ።

ከዚያ አንድ ሴት ጮኸች፤ ሰዉ ገለል አለ። አሰልጣኙ ባልዲዎቹ መሃል ተዘርግቷል፣ ጭንቅላቱ ከጎን ገብቷል። ብረቴ አጠገቡ ወድቋል። ከበላዩ ማሙሽ ቆሟል፤ ቀኝ ጓንቱ ወልቆ፣ ፊቱ ሁሉ ደም ሆኖ። ወንድም ጋሼ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እጄን ይዞ እየጎተተ አወጣኝ።

አሰልጣኙ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ማሙሽን ሰኞ እኩለ ቀን ወሰዱት። አራት ሰው «ብረቱን አንሥቶ ሲመታው በዓይናችን አይተናል» ብሎ ማለ። ማሙሽ ደግሞ «መሬት ላይ ጥለው ሲረግጡኝ ራሴን ሳትኩ፤ ስነሳ ሰውዬው ተዘርግቷል» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ጠበቃው ሳያባብለን ነገረን፤ በዚህ ምስክርነት ገመድ ነው፣ ቢያንስ ዕድሜ ልክ።

እኔ ፊልሙን ከካሜራው አውጥቼ የቁልፍ ማስቀመጫ ጣሳ ውስጥ ደበቅሁት። ለምን አትሉኝም? ማሙሽን ነዋ የፈራሁት! ብረቱን ይዞ ቢወጣስ? በእጄ ባነሳሁት ፎቶ ወንድሜን ላሰቅል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ወንድም ጋሼ «ፊልሙስ?» ሲለኝ «ጠፋ» አልኩት። አየኝና ወጣ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከፖሊስ ጣቢያ ተመለሰና የደንበኛ ወንበር አንሥቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው።

«ምን ሆንክ?»

«ሳቁብኝ።»

«ማን?»

«መርማሪው። እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩት፤ ሳቀብኝ። ‹በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ ብሎኛል፤ አራተኛ ነህ፤ ሂድና ልብስ አምጣለት› አለኝ። ብረቱ የኔ ነው ስለው ‹የፎቶ ቤታችሁ መሆኑን እናውቃለን፣ ልጁስ የማን ቤት ልጅ ነው?› አለኝ።»

እኔም አላመንኩትም። እውነቴን ነው። ይሄ ሰው ለማሙሽ አፍንጫውን የሰጠ ነው፤ አንገቱን መስጠት ምን ያቅተዋል?

«ወንድም ጋሼ፣ ውሸት አትችልበትም፣ ተወው» አልኩት።

«እኔ ነኝ እያልኩሽ! ይረግጠው ነበር። ጭንቅላቱን፣ አንቺ! የወደቀ ልጅ ጭንቅላት በጫማ!» እጁን ዘረጋልኝ። «ፊልሙን ስጪኝ። አንቺ ፊልም ጥለሽ አታውቂም።»

«ጠፋ አልኩህ።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታውና ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባ። ቀኑን ሙሉ አልወጣም።

ረቡዕ ጠዋት በሩን እንደከፈትኩ ሁለት ሰዎች ገቡ። ሁለቱንም ከአሰልጣኙ ጎን አውቃቸዋለሁ። አንዱ ጥርሰ ወርቅ ነው። «እሑድ ዕለት ያነሳሽውን አምጪ» አለኝ። «የምን እሑድ?» ከማለቴ ፀጉሬን ይዞ ፊቴን የማሳያ መስታወቱ ላይ ከሰከሰው። ዓይኔ ላይ ቀይ ወረደ። ወንድም ጋሼ ከኋላ ወጥቶ ጥርሰ ወርቁን በአንድ ቡጢ መሬት ላይ አነጠፈው፤ ሁለተኛው ግን በካሜራ ማቆሚያዬ ማጅራቱን መታው። ሲወድቅ ተነሡበት። ቀኝ እጁን የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስገብተው መሳቢያውን በእግር ዘጉት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሄጄ የጥርሰ ወርቁን ጆሮ በጥርሴ ያዝኩ፤ የሚለቅ የለም! ሥጋውን ባልበላም ደሙን ግን ቀምሻለሁ። ሁለተኛው ወደ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ እጁ የገባውን ጠርሙስ እያነሳ መሬት ላይ ከሰከሰ፣ የታንካችንን ክዳን ረግጦ ሁለት አደረገው።

«እሰጣችኋለሁ! ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ከመሳቢያው አንድ ፊልም አንሥቼ ወረወርኩላቸው። ስበው አውጥተው ደጅ ፀሐይ ላይ ዘረጉት፣ ረገጡት፣ ሄዱ። ያ ፊልም የጡረተኞች ማኅበር አባላት የመታወቂያ ፎቶ ነበር። ሠላሳ ሁለት ጡረተኛ በአንድ ጊዜ ፀሐይ በላቸው። ወንድም ጋሼ መሬት ላይ ተኝቶ፣ እጁ እንደዚያ ሆኖ፣ ሳቀ! እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሐኪም ቤት እጁን ሲያስሩለት ነው ነገሩ የበራልኝ። እነዚህ ሰዎች ፊልሙ ማሙሽን የሚያጋልጥ ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ለፖሊስ ያስረክቡት ነበር። ሊያጠፉት የመጡት የሚፈሩት ነገር ስላለበት ነው። ተነሥቼ በቀጥታ መርማሪው ዘንድ ሄድኩና ፊልሙ እንዳለ ነገርኩት። በኋላ ላይ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ፤ ግን ተናግሬያለሁ። መርማሪው ሰነፍ አልነበረም። ኮፍያውን አነሣ። «አብሬሽ እመጣለሁ። ታጥቦ እስኪወጣ ከበሩ አልነቃነቅም» አለኝ። መጥቶም ከተረፉት ወንበሮች አንዱ ላይ፣ የተሰባበረው መስታወት መሃል ተቀመጠ።

ወንድም ጋሼ እጁ ደረቱ ላይ ታስሮ የጨለማ ክፍሉ ወለል ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሰባራውን ጠረግሁ።

«ቢጫውን ቆርቆሮ አውርጂ» አለኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ምን አልክ?»

«ሰምተሻል። ጥጉ ላይ ስንት ብርሃን ሰጠሽው?»

ነገርኩት። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የመዝጊያው ፍጥነት ግን ለመድረኩ እንዳስተካከልኩት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «ለካርቶኑ ቁጥር እንኳ አይበቃም። ለኔ መድኃኒት ደግሞ ምኑም አይደለም። አስረዝመሽ ብታጥቢውም መድረኩ ላይ ያለው መብራት ይቃጠላል እንጂ ጥጉ አይነቃም። ፊልሙ ላይ ያላረፈ ብርሃን በምንም አይመጣም። ትንሽ ካረፈ ግን ቢጫው ያወጣዋል፤ የኔው ይውጠዋል።»

«እንሞክር» አልኩ። ጊዜ ለመግዛት ነበር እንጂ ማመን አቅቶኝ አይደለም። ዱቄቱ አልተደፋም፤ ሁለቱንም በጠበጥኩ፣ ለስላሳውን ከተረፉት ጠርሙሶች በክቡ፣ ቢጫውን በአራት ማዕዘኑ። የጠረጴዛውን ሥር፣ የተሰበረው ወንበር የተጣለበትን ጨለማ፣ እንደ ጥጉ ብርሃን አሳንሼ በቁራጭ ፊልም አነሣሁና ለሁለት ቆርጬ በሁለቱ አጠብሁ። መብራት አብርተን አየን። በለስላሳው የታጠበው ጥርት ያለ ነው፤ አሻግሮ ያሳያል፣ ባዶ። በቢጫው የታጠበው ላይ ግን ስስ ግራጫ አለ፤ በግራጫው ውስጥ የወንበሩ እግር፣ የወለሉ ጣውላ፣ አንድ የወደቀ ሚስማር ሳይቀር ይታያል። አንድ ፊልም፣ አንድ ብርሃን። አሥር ዓመት በተጨቃጨቅኩበት ነገር ትክክል መሆኔን በዓይኔ አየሁ። ደስ አላለኝም።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በቢጫው ከታጠበ ከሁለቱ ወንድሞቼ አንዱ ይወጣል፤ ማሙሽ ከሆነ ይሰቀላል፣ ወንድም ጋሼ ከሆነ እሱ ይሰቀላል። በለስላሳው ከታጠበ ጥጉ ባዶ ነው፣ ማንም የለም። አራቱን ምስክሮች ጠበቃው ይጣላቸው እንጂ፣ እኔ ለምን ልምረጥ? መርማሪው ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል? «ጨለማ ነበር፣ አልወጣም» እለዋለሁ፣ በቃ።

የታንኩ ክዳን ስለተሰበረ ሥራው ሁሉ ድፍን ጨለማ ውስጥ ነው። መብራቱን አጠፋሁ። ፊልሙን በእጄ ዳበስኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ ታንኩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ወንድም ጋሼ ከወለሉ ሆኖ ይተነፍሳል። አያይም፣ አያሸትም፣ እጁ አይሠራም። ከሁለቱ የትኛውን እንደማፈስ እግዜርና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። እጄን ዘረጋሁ። ክቡን ጠርሙስ አነሣሁ።

«የትኛውን ነው የያዝሽው?» አለኝ።

«ቢጫውን።»

ቀስ ብሎ፣ «ማሙሽ ይሙት በይ» አለኝ።

ወይኔ! በልጅነታችን ስንምል የኖርነው ነው፤ ብርጭቆ ማን ሰበረ፣ ስኳር ማን በላ፣ ማሙሽ ይሙት፣ ማሙሽ ይሙት። በቀን አሥር ጊዜ እንለዋለን። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ክቡ ጠርሙስ በእጄ ላይ ከበደ።

«በይ እንጂ» አለኝ።

ጠርሙሱን አስቀመጥኩት። አራት ማዕዘኑን ዳብሼ አነሣሁና አፈሰስኩ። «ማሙሽ ይሙት፣ ቢጫው ነው» አልኩ።

«በይ ቀስ አድርገሽ አወዛውዢው። እኔ እቆጥራለሁ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። በየደቂቃው መጨረሻ ላይ ትንሽ ይናገራል። በሁለተኛው ላይ «ሰውዬው አባባን መሰለኝ» አለ። በአምስተኛው ላይ «አንዴ ብቻ ልመታው ነበር። ዓይኑን ወደ እኔ ሳያዞር እንደገና ረገጠው፤ ደገምኩት» አለ። በዘጠነኛው ላይ «ሦስተኛውን ለምን እንደመታሁት አላውቅም። እሱን አትጠይቂኝ» አለና ቁጥሩን ሳያጠፋ ቀጠለ። እኔ ታንኩን እያወዛወዝኩ እንባዬ ወደ መድኃኒቱ እንዳይገባ ፊቴን አዞርኩ።

ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ከሠራ በኋላ መብራት አበራሁ። ኔጌቲቭ ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ማየት አይቸግረኝም። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ጀርባ ብቻ። ሦስተኛው ላይ ጥጉ አለ፤ ስስ ነው፣ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ግን አለ። ማሙሽ በጎኑ ወድቋል፣ ግራ እጁ ጭንቅላቱን ሸፍኗል። የአሰልጣኙ ጫማ አየር ላይ ነው፣ ወደ ፊቱ ይወርዳል። ከኋላ ወንድም ጋሼ ብረቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቷል። ጠማማ አፍንጫው ሳይቀር ይታያል።

እርጥቡን ፊልም ወደ መብራቱ አስጠግቼ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«ምን ልጅ ነሽ፣ ነጥቡ በዛ» አለኝ። «የኔው ቢሆን ፊቱ እንዲህ አይሻክርም ነበር።»

«ወንድም ጋሼ!» ብዬ ተጠመጠምኩበት። ጎኑ ተሰብሮ ኖሮ ጮኸ። ከዚያ በግራ እጁ በሩን አንኳኳ፤ ከውስጥ ሆኖ፣ በገዛ ክፍሉ። «መርማሪ፣ ይግቡ። አሁን አይስቁም» አለ።

ፍርድ ቤቱ ሦስተኛውን ምስል አሥር ጊዜ አየው። አራቱ ምስክሮች በሐሰት መመስከር ተከሰሱ፤ ጥርሰ ወርቁም በተጣመመ ጆሮው ቀርቦ ወህኒ ገባ። ጫማው አየር ላይ ስለታየ ወንድም ጋሼን ገመድ ሳተው፤ ዳኛው ዘጠኝ ዓመት ፈረዱበት። ያ ጫማ በለስላሳው ቢታጠብ አይኖርም ነበር። ሰዎች «ሁለቱንም አተረፍሽ» ይሉኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቀናል፣ ግን አይሉኝም፤ እኔ ነኝ ለራሴ የምለው።

ማሙሽ በተፈታ ማግስት ጠዋት ፎቶ ቤት መጣ። ሮጬ ላቅፈው ስሄድ በጥፊ አጮለኝ። ቡጢኛ ነው፤ ጥፊውም ቡጢ ነው። መደርደሪያው ላይ ወደቅሁ።

«ለስላሳው ነበረ እኮ!» ብሎ ጮኸ። እዚህ ቤት ያደገ ነው፣ ሁሉን ያውቃል። «ለስላሳው ነበረልሽ! እትዬ፣ ለምን አወጣሽው? እኔ እችለው ነበር! ቢሰቅሉኝ እሰቀል ነበር!»

ተነሥቼ በጉልበቴ ሆዱን መታሁት። እሱ ክንዴን ጠመዘዘ፣ እኔ አንገቱን ቧጨርኩ፤ ወለሉ ላይ ተንከባለልን፣ አዲሱን መስታወት ጨረስነው። አባታችን በመቃብሩ ውስጥ ሳይስቅ አልቀረም። ትንፋሻችን ሲያልቅ ጎን ለጎን ተዘርረን ቀረን።

«እሱ ራሱ ነው ያስመረጠኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ማሙሽ፣ ጣሪያውን እያየ። «እሱን መምታት ስለማልችል ነው።»

እሑድ አብረን ልንጠይቀው ሄድን። ከፍርግርጉ ማዶ መጣ፣ ቀኝ እጁ ጣቶቹ አይታጠፉም። የኔን ያበጠ ዓይን አየ። የማሙሽን የተቧጨረ አንገት አየ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። ይጮህብናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህብን በወደድኩ።

«እኔ እዚህ ገብቼ እናንተ ትደባደባላችሁ?» አለና በግራ እጁ ፍርግርጉን ይዞ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ማሙሽም እኔም ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ቆምን።